ሦስት ወንዝ ወደ ግራ

«መርሳ በዚህ ነው አይደል?» አሉ የነሲባ አጎት አብዱልሐሊም፣ በከዘራቸው ፊት ለፊት እየጠቆሙ።

ከማሽላው ዳር የቆመው ገበሬ ከዘራውን አየ፤ የእንግዳውን ሽበት አየ። «አዎ፣ በዚሁ ነው አባቴ። ቅርብ ናት።»

ነሲባ በንዴት ልትፈነዳ ደረሰች። ከጠዋት ጀምሮ ይህ አራተኛው «ቅርብ ናት» ነው። እንዲህ ተብሎ ተጠይቆ፣ ለሽማግሌ «አይ፣ ተሳስተዋል» የሚል ሰው በሀብሩ ወረዳ አልተፈጠረም! ሰው የሚጠየቀው «መርሳ በየት ነው?» ተብሎ ነበር። አጎቷ ግን መልሱንም ራሳቸው ይዘው ነው የሚጠይቁት።

ጦርነቱን ሸሽተው ከወልድያ የወጡት ጎህ ሲቀድ ነው። ሲሪንቃ ሲደርሱ የከባድ መሣሪያው ድምፅ ስለበረታ አስፋልቱን ለቀው በእርሻው ገቡ። እናቷ ሀጂራ ታናሽ ወንድሟን ይዛ ቀድማ መርሳ ገብታለች። ስልክ ከመቋረጡ በፊት የተናገረችው ይህን ብቻ ነበር፤ «እስከ አሱር ሰላት መናኸሪያው በር ላይ እጠብቅሻለሁ። ከዚያ በኋላ የደሴው መኪና አይጠብቀኝም። ከአጎትሽ እንዳትለዪ!»

ከአጎትሽ እንዳትለዪ! አጎቷ በዚህ መስመር ሰላሳ ዓመት አውቶቡስ ነድተዋል፤ «ድንጋዩን ሁሉ በስሙ አውቀዋለሁ» ይላሉ። ያውቁታል፣ ከአስፋልቱ ሳይወርዱ። አሁን አስፋልት የለም፤ ያለው የነሐሴ ወንዝ ነው። ወንዝ በገጠማቸው ቁጥር ውሃው ሰፍቶ የሚሳሳበትን ፍለጋ ወደ ግራ፣ ወደ ቆላው ይወርዱና ይሻገራሉ። ከዚያ የወረዱትን ያህል ወደ ቀኝ መመለስ ሲገባ፣ አጎቷ አፍንጫቸው ወዳመለከተው ቀጥ! ሦስት ወንዝ እንዲህ ተሻገሩ።

የጂኦግራፊ መምህሯ ሽፈራው «የአቅጣጫ እርማት» የሚሉት ይህንኑ ነበር። ሰሌዳው ላይ መርከብ ስለው፣ «ነፋስ ሲገፋት ካፒቴኑ ጥቂት ጥቂት እያረመ ይመልሳታል። ዝም ካለ ሌላ አገር ነው የሚደርሰው» ብለው አስረዱ። ነሲባ ያን ቀን ስቃ ነበር፤ ለወልድያ ልጅ መርከብ ምን ያደርግላታል?

«አጎቴ፣ ወደ ግራ በዝተናል። በቀኛችን የነበረው ጋራ እንዴት እንደራቀን ይዩት! እርማት ያስፈልገናል።»

«የምን እርማት? ፈተና ላይ ነን እንዴ? ሰውየው በዚህ ነው አላለም?»

«አንቱ ስላሉት ነዋ!»

«ወግጂ! ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም።»

ፀሐይዋ ማዘንበል ጀምራለች፤ አሱር ተቃርቧል። ነሲባ ትንፋሿን ሰበሰበች። «እሺ፣ ጉድጓድ ሸሽተው መሪውን ወደ ግራ ጠመዘዙ እንበል። ከዚያ ምን ያደርጋሉ?»

«እመልሳለኋ! ገደል ልግባ?»

«እኛ ሦስቴ ጠምዝዘን መቼ መለስን?»

አብዱልሐሊም ከዘራቸውን አስቀድመው በዚያው በተሳሳተው መንገድ መሄዳቸውን ቀጠሉ። እልህ! እንዲህ ያለ እልህ!

ብትጠራቸው ይብስባቸዋል። ብትከተላቸው እናቷ ትሄዳለች፤ ስልክ በሌለበት አገር ደሴ ላይ ማን ያገናኛቸዋል? ነሲባ እኚህን ሰውዬ ትወዳቸዋለች፤ አሁን ግን ከዘራቸውን ነጥቃ ብትሰብረው ደስ ይላት ነበር።

ፊቷን ወደ ቀኝ አዞረችና ዳገቱን ተያያዘችው። እርምጃዋን እሳቸው እንዲሰሙ ጮክ ብላ ትቆጥራለች።

«አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት…»

ዞራ አላየችም። ሃምሳ ላይ ድምፅዋን የበለጠ ከፍ አደረገች። ሰባ ስትል ከኋላዋ ከዘራ ድንጋይ ሲመታ ሰማች።

«ሰባ ሁለት ነው» አሉ አጎቷ እያለከለኩ። «ሁለት ዘለልሽ።»

አልዘለለችም። አንድም አልዘለለችም! ልትመልስላቸው አፏን ከፈተች። ከዚያ እንዲደርሱባት እርምጃዋን ቀነስ አደረገችና፣

«ሰባ ሦስት» አለች።