ጠቅ እስኪል

ሬሳው ከሞተሩ ሥር ሲወጣ ቁልፉ አሁንም በእጁ ነበር። ሟቹ የጋራዡ ባለቤት ነው፤ ሠራተኞቹ በሌለበት «አቶ ጠቅ» ይሉታል። ቡሎን የሚያጠብቀው በባለ ቁጥር ቁልፍ ነበር፤ ቁልፉ የተሞላለት ቁጥር ላይ ሲደርስ ጠቅ ይላል፤ ከዚያ በኋላ ከሰውዬው ጋር መከራከር ዘበት ነው። አንድ ሕግም ነበረው፤ ያጠበቀ ሰው ከተንጠለጠለው ዕቃ ሥር ቀድሞ ይቆማል። ያን ጠዋት ራሱ አጠበቀ፤ ጠቅ አለለት፤ ቆመ። ሞተሩ የተሰቀለበትን ማንሻ ከወራጁ፣ ከጣሪያው አግዳሚ ብረት ጋር ያሰሩት ቡሎኖች ተበጠሱ።

መርማሪዋ ሰው ሲያለቅስ ሰዓቷን የምታይ ቀጭን ሴት ናት። የተበጠሰውን ቡሎን ዳሰሰችው፤ አንገቱ እንደተሳበ ማስቲካ ቀጥኗል። በቡሎኑ ጫፍ ላይ የሚጠብቀውን ዳዶ አሸተተች።

«ቡሎኖቹን ማን ገዛቸው?»

«እኔ» አለ የሟቹ ታናሽ ወንድም፣ መካኒኩ። «ጋራዡም የሚተርፈው ለእኔ ነው፤ ሳይጠይቁኝ ልንገርዎት። ግን እቃዎቹ የሚያድሩት እሱ ቤት ነው። ወንድሜ ሰው አያምንም።»

አንድ ፖሊስ በሩ ላይ ካቴናውን እያቅጨለጨለ ይጠብቀዋል።

«ዳዶ ውስጥ ዘይት ቢገባ ምን ይሆናል?»

«ምን ይሆናል? አይዝግማ።»

የጋራዡ በያጅም ያንኑ መለሰ። የሟቹ ሚስት ጥቁር ሻርፗን ሰብሰብ አደረገች። «እኔ ቡሎን በየት በኩል እንደሚዞር እንኳ አላውቅም። አምና ልጄ እዚሁ ወራጅ ሥር ሞተ። ከዚያ ወዲህ እስከ ዛሬ ጋራዡን ረግጬው አላውቅም።»

በማግስቱ መርማሪዋ ሦስቱንም ከወራጁ ሥር ሰበሰበቻቸው። ሞተሩ እንደገና ተንጠልጥሏል። ለእያንዳንዳቸው አንድ ቡሎንና አንድ ዳዶ ሰጠች። «በሟቹ ሕግ እንሂድ። አጥብቁና ከሥሩ ቁሙ።»

በያጁ ጠቅ አሰኝቶ ቆመ። መካኒኩም እየተነጫነጨ ቆመ። ሚስትየዋ ትንሿን ጣቷን ዳዶው ውስጥ አስገባች፤ አወጣች፤ ከዚያ በሻርፗ ጫፍ ዙሪያውን አጥብቃ ጠረገችው።

«ምን ጠረጉ?» አለች መርማሪዋ።

ሴትየዋ እጇን አየችው።

«ቁልፉ የሚለካው ለማዞር የፈጀውን ኃይል እንጂ የቡሎኑን ውጥረት አይደለም። በደረቅ ቡሎን አብዛኛው ኃይል በፍትጊያ ይባክናል፤ ቁጥሩም ይህ ታስቦ የተሰላ ነው። ዘይት ሲገባ ፍትጊያው ይቀንስና በዚያው ቁጥር ቡሎኑ እጥፍ ሊወጠር ይችላል። ሟቹ መግደያውን ጠቅ እስኪል ድረስ በገዛ እጁ አጠበቀው። ይህን ሁለቱ ባለሙያዎች አላወቁም፤ ዛሬ ዘይት የቀባሁትን ዳዶ ሳይጠርጉ ቆሙ። እርስዎ ግን ያውቃሉ።»

«እሱ ነው የነገረኝ» አለች። «ልጄን በቀበርን ማግስት። ‹ልጁ ቡሎኑን ዘይት ቀብቶት ነበር፤ የተበጠሰው ለዚያ ነው፤ ሲቀባ አይቼዋለሁ። እንዲማር ብዬ ዝም አልኩት› አለኝ። እራቱን እየበላ። እኔም ቀባሁለት። እሱም እንዲማር።»

ፖሊሱ ካቴናውን ወደ ሴትየዋ ይዞ ሄደ።

መርማሪዋ ከኪሷ ሌላ የተበጠሰ ቡሎን አወጣች፤ አምና ከልጁ ሬሳ አጠገብ የተለቀመው ነው። መደበቅ ትችል ነበር፤ አልደበቀችም።

«ይህ ዘይት ነክቶት አያውቅም፤ ጥርሱ ዝገት ነው። ውፍረቱም ያንሳል። ባልዎ ለወፍራም ቡሎን የተሰላ ቁጥር ለቀጭኑ ሰጠው፤ ልጅዎም ባዘዘው ቁጥር አጠበቀ። ባልዎ ምንም አላየም። ተሳሳተ ከሚባል ጨካኝ ቢባል መረጠ።»

ሴትየዋ ቡሎኑን ተቀበለቻት። ዝገቱን በጣቷ ፈተገችው፤ ጣቷ ቀላ።

«ተሳስቼ ነው ቢለኝ እኮ» አለች፣ «ይቅር እለው ነበር።»