ፍሪሲዮን የሌላት መኪና

እውነቴን ነው፣ እኔ መኪና ሲቆምብኝ ኮፈን የምከፍት እንጂ ጸበል የምረጭ ሰው አልነበርኩም፤ ሾፌሮች ተሰብስበው «እዚያ ገደል ላይ ሴትዮ ታየችኝ»፣ «እዚህ ድልድይ ላይ መብራቴ ጠፋ» ሲሉ፣ እንቅልፍና አረቄ ነው ብዬ ስቄ እነሳ ነበር። ይህን የማወራችሁም እመኑኝ ብዬ አይደለም፣ እኔ ራሴ ገና አምኜ አልጨረስኩም።

በደርግ ጊዜ ነው፣ ጂንካ አንድ መሥሪያ ቤት ሾፌር ነበርኩ። ባለማርሽ ፒክአፕ ነበረችኝ፣ አሮጌ ናት ግን አመሏን አውቀዋለሁ፣ ጭቃ ብትገባ በሁለተኛ ማርሽ አባብዬ አወጣታለሁ፣ ባትሪዋ ቢሞት መንገደኛ ገፍቶ ያስነሳታል፣ ፍሪሲዮኗ ቢያልቅ ጂንካ ውስጥ የሚቀይር አይጠፋም። እሷን ወሰዱና በእርዳታ የመጣች፣ ማርሹን ራሷ የምትቀይር አውቶማቲክ ፒክአፕ ሰጡኝ፣ «ዕድለኛ ነህ፣ እግርህ አረፈ» አሉኝ። ምኑ ያርፋል፣ የግራ እግሬ የለመደውን የፍሪሲዮን ፔዳል እየፈለገ ቀኑን ሙሉ ባዶ ወለል ሲረግጥ ይውላል። ካምቢዮዋ፣ የማርሽ ሳጥኗ፣ የሚፈልገው ቀይ ቀጭን ዘይት ደግሞ እንኳን ጂንካ አርባ ምንጭም አይገኝም። ዕቃ ግምጃ ቤት ስጠይቅ፣ ኃላፊው «ጓድ፣ ዘይት ዘይት ነው፣ የሞተሩን ጨምርበት» ይለኛል። አልጨምርም አልኩ፣ ተጣላን፣ እናም ዘይቱ እየጎደለ እኔም እየነደድኩ መንዳት ሆነ።

አንድ ቀን ከቱርሚ ስመለስ ዲመካ ላይ የጤና ረዳቷ አስቴር መንገድ መሀል ገብታ አስቆመችኝ። ጋርዱ የምትባል የሐመር ሴት ከትናንት ጀምሮ ምጥ ላይ ናት፣ ልጁ አግድም ተኝቷል፣ ዛሬ ጂንካ ሆስፒታል ካልደረሰች ሁለቱም አይተርፉም አለችኝ። ጋርዱን ጋቢና መሀል አስቀመጥናት፣ አስቴር በበሩ በኩል ደግፋት ተቀመጠች፣ ባሏ ጊኖና ወንድሞቹ ከኋላ ተጫኑ።

አንዱን ዳገት እንደ ጨረስን የተቃጠለ ዘይት ሸተተኝ፣ ሞተሩ ይጮኻል እንጂ መኪናዋ አትንቀሳቀስም። ትንሽ ትቀዝቅዝ ብዬ አጠፋኋት፣ ቁልፉን ስመልሰው «ቀጭ» ብላ ዝም አለች፣ ባትሪዋም ሞቷል። ከፊታችን ቁልቁለት ነው፣ ሥሩ አሸዋማ ደረቅ ወንዝ፣ ከወንዙ ወዲያ ደግሞ ሰማዩ ጠቁሯል። የዚያን አገር ወንዝ የምታውቁት ታውቁታላችሁ፣ ላይ ከዘነበ ታች ሳያካፋ ይሞላል፣ ከሞላ እስኪጎድል እዚያው ማደር ነው። ጋርዱ ደግሞ የምታድር አልነበረችም።

ጊኖ ከኋላ ወርዶ መጣ። «ሾፌር፣ አንተ ተቀመጥ፣ እኛ ይገፋል።»

«ይቺ ተገፍታ አትነሳም።»

«ለምን?»

«አውቶማቲክ ናት።»

«እሱ መኪና አይደለም?» አለኝ።

ምን ብዬ ላስረዳው? ሞተሩ ካልዞረ ዘይቱ አይገፋም፣ ዘይቱ ካልገፋ ጎማና ሞተር አይገናኙም፣ ይህን እንኳን ለጊኖ ለአለቆቼም ማስረዳት አልቻልኩም። በንዴት እንባዬ መጣ። ቢያንስ እስከ ወንዙ ትንከባለል፣ አሸዋውን እንደ ምንም በጉልበት እናሻግራታለን ብዬ ፍሬኑን ለቀቅኩ።

ገፏት። ጥቂት እንደሄደች ከበታቼ የማርሽ ጥርስ ሲዞር የሚሰማው ማፏጨት ተሰማኝ፣ የባለማርሽ መኪና ድምፅ፣ ያቺ መኪና አሰምታው የማታውቀው። ጋርዱ ማቃሰቷን አቆመች። ዘወር ብዬ ሳያት ዓይኗ ወለሉ ላይ ተተክሏል፣ እግሬ አጠገብ። መኪናዋ ፍጥነት ስትይዝ፣ ልማድ ነውና፣ የግራ እግሬ ወረደ፣ ወለሉን ግን አላገኘም። ፔዳል አገኘ። እመኑኝ፣ የስፕሪንጉ ግፊት እስከ ጉልበቴ ተሰምቶኛል። ሳላስበው ለቀቅኩት፣ መኪናዋ ነጠር አለችና ሞተሩ ተነሳ።

እነጊኖ ሮጠው ተሳፈሩ። አሸዋውን ስንሻገር ማርሽ ሲቀየር ይሰማኛል፣ እጆቼ ግን ሁለቱም መሪው ላይ ነበሩ፣ ወደ ታች አየሁ ብላችሁ ውሸቴን ነው። ወዲያ ማዶ እንደ ወጣን ደራሽ ውሃው ከኋላችን ወንዙን ሞላው። ጂንካ ስንደርስ መሽቷል፣ ጋርዱ ያንኑ ሌሊት ወንድ ልጅ ወለደች፣ ሁለቱም ተረፉ።

በማግስቱ መካኒኩ ዳንኤል ከመኪናዋ ሥር ወጥቶ እጁን እየጠረገ «ከዲመካ ማን ጎተታችሁ?» አለኝ።

«ማንም።»

«ይሄ ካምቢዮ እኮ ዘይት የለውም፣ ውስጡ ያለው ሁሉ ነድዶ አመድ ሆኗል። በምን መጣችሁ?»

የወለሉን የጎማ ምንጣፍ ገለጥኩት። ድፍን ብረት ነው፣ ቀዳዳ የለው፣ የብየዳ ምልክት የለው። ዳንኤል ምን እንደምፈልግ ጠየቀኝ፣ ነገርኩት፣ ጴንጤ ነውና «ጌታ ይገሥጸው» ብሎ መፍቻዎቹን ሰብስቦ ሄደ።

ከሰዓት ሆስፒታል ሄድኩ። አስቴር ከክፍሉ ወጥታ በሩን ከኋላዋ ዘጋችው።

«ጋሽ ታደሰ፣ ጋርዱ ጠይቂልኝ ብላኛለች። እግርህ ሥር የነበረው ሰውዬ ምን እንደሚፈልግ።»

«የቱ ሰውዬ?»

«እኔም እሱን ጠየቅኳት። ያሻገረን አለችኝ።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ወደ አንተ አንዴም አላየም አለች። መንገዱን ሙሉ ሲያይ የነበረው ሆዷን ነው።»

እነጋርዱ በጭነት መኪና ተሳፍረው አገራቸው ገቡ። እኔ ግን እስከ ዛሬ ከሐመር የመጣ ሰው ባገኘሁ ቁጥር፣ ሰላምታዬን ሳልጨርስ የምጠይቀው ያ ልጅ ደህና መሆኑን ነው።