ያልተሰነጠቀው ሄልሜት

ከፋለ ሞቶ የተገኘው ሙሉ ትጥቁን እንደለበሰ ነበር። ሄልሜቱ አገጩ ሥር ተቆልፏል፤ ጓንቱ እጁ ላይ ነው፤ የቆዳ ጃኬቱ ዚፕ እስከ አንገቱ ተዘግቷል፤ የቦት ጫማው ማሰሪያ እስከ ላይኛው ቀዳዳ ተጠብቋል። ቀዩ ሞተር ሳይክሉ ከእሱ አሥር እርምጃ ያህል ራቅ ብሎ በጎኑ ተጋድሟል። ቦታው ከላሊበላ ወደ ኩልመስክ በሚወስደው መንገድ፣ ከጽድ በር ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ዝቅ ብሎ ካለው መታጠፊያ ሥር ነው። ጊዜው ጥቅምት 1972 ዓ.ም.፣ ሐሙስ ረፋዱ ላይ።

ሃምሳ አለቃ ጋሻዬ በበቅሎ ደረሰ። ሞተር ላይ ውጣ ቢሉት «ለኔ ዕድሜ አራት እግር ይሻላል» የሚል፣ አፉ ለቀልድ የፈጠነ፣ ዓይኑ ግን ምንም የማያልፈው ቀጭን ፖሊስ ነው። ከኋላው የቀበሌው ጸሐፊ ገብረ ሊባኖስ ወረቀትና ቀለም ይዞ ተከትሎታል። ገብረ ሊባኖስ የቤተ ክህነት ተማሪ የነበረ፣ የእጅ ጽሑፉ ያማረ ሰው ነው። ሃምሳ አለቃው የጻፈውን ራሱም መልሶ ማንበብ ስለሚያቅተው፣ ሦስት ዓመት ሙሉ የምርመራ ቃል የሚያስጽፈው በእሱ ነው። ደግሞም የሟቹ የልብ ጓደኛ ነበር።

«ካልቻልክ ሌላ ሰው ልፈልግ፣ ገብሬ» አለው።

«እችላለሁ። ለከፋለ የማደርግለት የመጨረሻ ነገር ነው።»

ሃምሳ አለቃው ትከሻውን መታ መታ አደረገውና ወደ አስከሬኑ ጎንበስ አለ።

ከፋለ የከብት ክትባት ሠራተኛ ነበር። የአገሩ ሰው ግን ከመርፌው ይልቅ ስለ አለባበሱ ነበር የሚያወራው። ገበያ ድረስ ብቅ ለማለት እንኳ ሩብ ሰዓት ሙሉ ይለብሳል። ከኋላው የሚጫን ሰው ሁለተኛውን ሄልሜት ካላጠለቀ ሞተሩን አያስነሳም፤ አንዴ አንድ ካድሬ አላጠልቅም ቢለው ቁልፉን ኪሱ ከትቶ በእግሩ ሄዷል። ልጆች «የብረት ቆብ! የብረት ቆብ!» እያሉ ይከተሉት ነበር። እሱ ከምንም አይቆጥራቸውም። ከሦስት ዓመት በፊት በዚሁ መንገድ ወድቆ ሄልሜቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲሰነጠቅ፣ እሱ ልብሱን አራግፎ ቤቱ ገብቷል። ያንን ስንጥቅ ሄልሜት ግድግዳው ላይ ሰቅሎ ለመጣ እንግዳ ሁሉ «ይኼ የኔ ጭንቅላት ነበር» እያለ ያሳያል።

ሃምሳ አለቃው የሟቹን ሄልሜት ቀስ ብሎ አወለቀ። የራስ ቅሉ ከኋላ በኩል ተሰብሯል። ሄልሜቱን ወደ ብርሃን አዙሮ አየ፤ በጣቱም ዳበሰው።

«ጻፍ፣ ገብሬ። ጭንቅላቱ ከኋላ ተሰብሯል። ሄልሜቱ አልተሰነጠቀም፤ አልተጫረም።» ቀጥሎ ቦት ጫማውን ፈታ። «ካልሲው ረጥቧል፤ ከሥሩ ቀይ ጭቃ ይዟል። ጫማው ከውጭ የያዘው ጭቃ ግን ጥቁር ነው።»

ገና ከጉልበቱ ሳይነሣ የቀበሌው ሊቀ መንበር ጓድ አዝመራው ከላይ ተጣራ። ሁለት ጥበቃዎች አንድ ገበሬ የፊጥኝ አስረው እየነዱ ከኋላው ይወርዳሉ።

«አይድከሙ፣ ሃምሳ አለቃ! ገዳዩን ይዘነዋል!»

የታሰረው ውዱ ነበር። ባለፈው ሳምንት በሬው በተከተበ በሁለተኛው ቀን ሞቶበት፣ ቅዳሜ ገበያ መሀል ከፋለን «ያ የብረት ቆብህ ከኔ አያድንህም!» ብሎ ሲጮህበት ያልሰማ አልነበረም።

«ብለሃል?» አለው ሃምሳ አለቃው።

«ብያለሁ፣ ጌታዬ። በሬዬ ሞቶ ምን ልበል? ግን አልነካሁትም። ከንጋት ጀምሬ ማሳዬ ላይ ዝንጀሮ ስጠብቅ ነበር።»

«ማን አየህ?»

«ዝንጀሮዎቹ።»

ከጥበቃዎቹ አንዱ ሳቁ አመለጠው። አዝመራው ግን አልሳቀም። «ይህን ሁሉ ለብሶ እንዲሁ ወድቆ አይሞትም። ድንጋይ አንከባሎበት ነው። የመንግሥት ሠራተኛ መግደል ፀረ አብዮት ነው፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የእህሉ መኪና ወደ ወልድያ ሲነሣ እሱም አብሮ ይሄዳል።»

በዚያ ዘመን እንዲህ ተብሎ የሄደ ሰው እንደማይመለስ ውዱም ያውቃል። መንገዱ ላይ ቁጭ አለ። «አራት ልጆች አሉኝ» አለ፤ ለማን እንደሚናገር ለራሱም ግልጽ አልነበረም።

«እስከ ዘጠኝ ሰዓት የኔ እስረኛ ነው» አለ ሃምሳ አለቃው።

የከፋለ ሚስት አልጣሽ ቤት ሲደርሱ ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቦ ያለቅሳል። ሃምሳ አለቃው ወደ ጓዳ ወስዶ አነጋገራት፤ ገብረ ሊባኖስ ጥግ ላይ ተቀምጦ ይጽፋል።

«ጠላት ነበረው?»

«በልብሱ ከሚስቁበት በቀር ማን ይጠላዋል? ወንድሙ ወልደ ኪዳን ከተደበቀበት ተይዞ ደሴ እስር ቤት ከሞተ ወዲህ ግን ሰው ማመን ትቶ ነበር። ከኔና ከገብሬ በቀር።»

ገብረ ሊባኖስ አንገቱን ደፍቶ መጻፉን ቀጠለ።

«ሰሞኑን የተለየ ነገር አላየሽም?»

«ባለፈው እሑድ ደሴ ከወንድሙ ጋር ታስሮ የነበረ አንድ ሰው ተፈትቶ መጥቶ ነበር። ውጭ ቆመው ለብቻቸው አወሩ። ምን እንዳለው አልነገረኝም፤ ከዚያ ወዲህ ግን እንቅልፍ አጥቶ ነበር።»

«ሄልሜቱን መንገድ ላይ ያወልቀዋል?»

አልጣሽ በለቅሶዋ መሀል ሳቅ ቃጣት። «ከፋለ? ዝናብ ቢመጣ፣ ፀሐይ ቢመጣ፣ ሰው ቢያስቆመው! ወይ ቤቱ ነው የሚያወልቀው፣ ወይ እግዚአብሔር ቤት።»

ሃምሳ አለቃው ገብረ ሊባኖስን ቃሉን በንጹሕ ገልብጥልኝ ብሎ ቀበሌ ሰደደውና ብቻውን ወደ ጽድ በር ሚካኤል ወጣ። የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ መሬት ከዓለቱ የተፈረፈረ ቀይ አፈር ነው፤ የንጋቱ ካፊያ አላቁጦታል። የደብሩን አገልጋይ አባ ወልደ ሩፋኤልን በር ላይ ተቀምጠው አገኛቸው። መስቀላቸውን ተሳልሞ ስለ ከፋለ ጠየቃቸው።

«ሰኞ ለት መጥቶ ነበር» አሉ ሽማግሌው። «‹ሐሙስ ጠዋት በሩን ይዞ የሚምልልኝ ሰው አለ፤ ይገኙልኝ› አለኝ። እኔ ሕመምተኛ ላቆርብ ሄጄ ዘገየሁ። ስመለስ ማንም የለም። ታርቀው የሄዱ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር፣ ልጄ።»

«ማን እንደሚምልለት አልነገረዎትም?»

«ጠይቄው ነበር። ‹ከመማሉ በፊት ስሙን ማንሣት ነውር ነው› አለኝ።»

«ሲማል ጫማ ይደረጋል፣ አባ?»

«ምን ነካህ! ጫማውም ቆቡም ከደጅ ይቀራል። ሚካኤል ፊት ነው እኮ።»

ወደ ቀበሌ ተመልሶ የተገለበጠውን ቃል ተቀበለ። ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አነበበ። ጽሑፉ እንደ ወትሮው ዓይን የሚስብ ነው፤ አንድ ፊደል አልተዛነፈም። አንብቦ ጨረሰና እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ። ሦስተኛ ጊዜ ካነበበ በኋላ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። ከዚያ ጥበቃውን ጠርቶ «አልጣሽንም፣ አባንም፣ ሁሉንም አዳራሽ ሰብስብልኝ። ሁለተኛውን ሄልሜትም ከከፋለ ቤት አምጣ» አለው።

ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ሁሉም ተሰበሰቡ። ውጭ የእህሉ መኪና እየተጫነ ነው። ገብረ ሊባኖስ ጠረጴዛው ጋ ብዕሩን ይዞ ተቀምጧል።

«የውዱን እጅ ፍቱለት» አለ ሃምሳ አለቃው። «ውዱ፣ ይህን አጥልቅና አገጭህ ሥር ቆልፍ።»

የሄልሜቱ ማሰሪያ ጫፍ ላይ ሁለት የብረት ቀለበቶች አሉት። ውዱ ቀለበቶቹን ገላበጣቸው፤ ሲጨንቀው ማሰሪያውን እንደ ጭነት ገመድ ቋጠረው።

«አሁን እርስዎ፣ ጓድ አዝመራው።»

«እኔ? እኔ ደግሞ ምን…»

«ለአብዮቱ ሲሉ።»

አዝመራው አጠለቀው። ማሰሪያውን በሁለቱም ቀለበት አሳልፎ ጎተተ፤ ራሱን ነቅነቅ ቢያደርግ ሾልኮ ተፈታና ሄልሜቱ አፍንጫው ላይ ወረደ። አንድም ሰው ለመሳቅ አልደፈረም።

«ገብሬ፣ አንተም ሞክር።»

ገብረ ሊባኖስ ብዕሩን አስቀመጠ። ሄልሜቱን አጠለቀ፤ ቀለበቶቹን አየ፤ ውዱን አየ። ከዚያ ማሰሪያውን ቋጠረው።

አልጣሽ ከተቀመጠችበት ተነሣች። «ገብሬ፣ ምን ሆነሃል? በሁለቱ አሳልፈህ በአንዱ ትመልሰዋለህ እንጂ። ከፋለ ራሱ አስተምሮህ፣ ደጄ ላይ ስትቆልፈው ስንቴ አይቼሃለሁ?»

«አየሽ አልጣሽ፣» አለ ሃምሳ አለቃው፤ «ቢቆልፈው ኖሮ ምንም አልልም ነበር። ማወቅ ወንጀል አይደለም። የሚያውቀውን መደበቁ ነው የገረመኝ።»

ከዚያ ወደ ሊቀ መንበሩ ዞረ። «እርስዎ ልክ ብለዋል፣ ጓድ። ይህን ሁሉ የለበሰ ሰው እንዲሁ ወድቆ ጭንቅላቱ አይፈርስም። በፊት ሲወድቅ ሄልሜቱ ተሰንጥቆ ጭንቅላቱ ዳነ። ዛሬ ጭንቅላቱ ተሰብሮ ሄልሜቱ ደኅና ነው። እንግዲያው ሲመታ አላጠለቀውም ነበር። ከፋለ ደግሞ ሄልሜቱን ከቤቱ ውጭ የሚያወልቀው አንድ ቦታ ብቻ ነው። ካልሲው ቀይ ጭቃ ይዟል፤ መንገዱ ጥቁር መረሬ ነው። ቀዩ ያለው አባ ግቢ ነው። ከፋለ ጫማውንም፣ ጓንቱንም፣ ሄልሜቱንም የግቢው በር ላይ አውልቆ ገብቶ ነው ከኋላው በድንጋይ የተመታው።»

«መድኃኔ ዓለም!» አሉ አባ ወልደ ሩፋኤል።

«ገዳዩ ከፋለ ሄልሜት ሳያደርግ ወደቀ ቢባል የሚያምን እንደሌለ ያውቃል። ስለዚህ አንድ በአንድ መልሶ አለበሰው። ማሰሪያውንም እንደ ደንቡ በሁለቱ አሳልፎ በአንዱ መልሶ ቆለፈው። ከዚያ መታጠፊያው ላይ ወስዶ ከነሞተሩ ገደል ሰደደው። ውዱ ቢሆን ቋጥሮት ነበር የምናገኘው።»

«ይህችን ማሰሪያ ብቻ ይዘው ሰው ይወነጅላሉ?» አለ ገብረ ሊባኖስ። ሄልሜቱ አሁንም ራሱ ላይ ነው።

ሃምሳ አለቃው ወረቀቱን ከኪሱ አወጣ። «ጠዋት ስለ ካልሲው አስጽፌህ ነበር። እዚህ የለም። አልጣሽ ከደሴ ስለመጣው እስረኛ ነግራን ነበር። እሱም የለም። ሦስት ዓመት ስትጽፍልኝ አንዲት ቃል ጥለህ አታውቅም፤ ዛሬ ሁለቱን ብቻ መርጠህ ጣልክ። እስረኛው ለከፋለ ምን እንደ ነገረው እኔ አላውቅም። አንተ ግን ታውቃለህ፤ ባታውቅ ኖሮ ትጽፈው ነበር።»

አልጣሽ በዝግታ ወደ ገብረ ሊባኖስ ተራመደች።

«ወልደ ኪዳን የተደበቀበትን እኔና ባሌ ነበርን የምናውቀው» አለች። «አንተም። ስንቁን የምታደርስለት አንተ ነበርክ።»

«ስሜ የሚታሰሩት ሰዎች ዝርዝር ውስጥ ነበር፣ አልጣሽ። ‹አንድ ሰው ስጠንና እንተውሃለን› አሉኝ። ጽፌ ሰጠኋቸው። እስረኛው ወረቀቱን መርማሪው ጠረጴዛ ላይ አይቶታል፤ የእጅ ጽሑፉን ማማር ነው ለከፋለ የነገረው። ከፋለ ግን አላመነም። ‹አንተ እንዳልሆንክ ማልልኝና ይብቃን› አለኝ። ልምልለት ብዬ ነው የሄድኩት፤ እውነቴን ነው። በሩን ስይዘው አቃተኝ። ታቦት ፊት እንዴት በሐሰት እምላለሁ?»

«መማሉን ፈርተህ መግደሉን ደፈርከው?» አለ ሃምሳ አለቃው። «ያን ትጥቅ ለብሶ ሳለ አትችለውም ነበር። ያወለቀው የማይፈራበት ቦታ፣ ከማይፈራው ሰው ጋር ሆኖ ነው። ይኼ ሳይበቃህ፣ ይኼን የአራት ልጆች አባት ሲነዱት ቃሉን ቁጭ ብለህ ጻፍክ። እኔም አይዞህ እያልኩህ።»

አዝመራው ሾፌሩ ውዱን ሳይጠብቅ እንዲሄድ ጥበቃውን ላከ። ውዱ የገመድ ምልክት የወጣበትን ክንዱን እያሸ፣ ሂድ እስኪሉት ቆሞ ቀረ። ሂድ ሲሉትም አላመነም፤ በሩ ጋ ደርሶ ሁለት ጊዜ ዞሮ አያቸው።

አልጣሽ አላለቀሰችም። ገብረ ሊባኖስ ፊት ቆመች።

«ዛሬ ጠዋት ሲወጣ ‹ምሳ ለሦስት ሰው ሥሪ፤ ገብሬን ይዤው እመጣለሁ› ብሎኝ ነበር» አለችው። «ሳያገኝህ የሞተ መስሎኝ ነው ያልጠየቅሁህ። ወጡን ራሱ ነው የመረጠው፤ አንተ የምትወደውን። ገብሬ፣ እንድትምልለት የወሰደህ እኮ ሊያምንህ ፈልጎ ነው።»