የአቶ ለገሰ የእሁድ ሸክላ

አቶ ለገሰ የሞቱት ሲልቨር ስፕሪንግ ባለው አፓርታማቸው፣ ከሸክላ ማጫወቻቸው ፊት ለፊት በተቀመጠው ሶፋ ላይ ነው። የካውንቲው ፖሊስ መርማሪ ስሂን እሁድ አመሻሹ ላይ ስትደርስ የሶፋው ትራስ ወለሉ ላይ ወድቆ አየች። ታፍነው መሞታቸውን ለማወቅ ሐኪሙ ብዙ አልደከመም፤ ሰዓቱን ግን በአሜሪካ ሰዓት ከቀትር በኋላ ከአንድ ተኩል እስከ አራት ከማለት በላይ ሊያጠብበው አልቻለም።

ቤቱ ለብቻ የሚገቡበት ዓይነት አልነበረም። መጋረጃው ተዘግቷል፤ ዋናው ግድግዳ ከወለል እስከ ጣሪያ ሸክላ ነው። ሁሉም ጥንት አሜሪካውያን የጨፈሩባቸው የቢግ ባንድ ሙዚቃዎች፣ ሁሉም እንደገና የታተሙ። ሟቹ የሆቴል ፓርኪንግ ሠራተኛ ሆነው ሠላሳ ዓመት ያገኙትን እዚህ አፍስሰውበታል፤ የመጀመሪያውን ሕትመት የሚሰበስብ ሰው ዕቃ ነው የሚሰበስበው ይሉ ነበር። ማጫወቻው ላይ አንድ ሸክላ ተቀምጧል።

ሬሳውን ያገኘችው የምትንከባከባቸው ሳምሪ ናት። አራት ሰዓት ላይ በቁልፏ ከፍታ ገባች፤ ከእሷ በቀር የገባ ሰው አልታየም፣ የሕንፃው ካሜራም ከተበላሸ ወር አልፎታል። አቶ ለገሰ ደግሞ እንደ ልማዳቸው በሦስት ሰዓት ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ በስልክ የሚገናኝበትን የኮንፈረንስ መስመራቸውን ከፍተው ለሦስት ጓደኞቻቸው ሙዚቃ አጫውተዋል። ሙዚቃው ያበቃው ሦስት ከአርባ ሁለት ላይ ነው። በዚያ ሰዓት ጓደኞቻቸው ሁሉ ሌላ ቦታ መሆናቸውን የሚመሰክርላቸው አለ። ከዚያ በኋላ የገባችው ሳምሪ ብቻ ናትና፣ የስሂን አለቃ ነገሩ አልቋል ባይ ነው።

«እስከ ማክሰኞ እኩለ ቀን ሌላ ሰው ካላመጣሽ ልጅቷን እከሳለሁ» አላት።

ሳምሪ ሐሙስ የጥገኝነት ኢንተርቪው አላት፤ አራት ዓመት የጠበቀችው ቀን። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ሳምሪ ግን የምታሳድረው ቀን አልነበራትም።

ስሂን ሰኞ ጠዋት አሌክሳንድሪያ ወርዳ ከሦስቱ ጓደኞች አንዱን፣ ጡረታ የወጡትን የታክሲ ሹፌር አቶ ተክለሃይማኖትን አገኘች።

«ልጅቷ ናት» አሉ ገና ሳይቀመጡ። «ለፖሊሱም ነግሬዋለሁ። ቁልፍ ያላት እሷ።»

«በሩ ሲዘጉት በራሱ ይቆለፋል፣ አባቴ። ለመውጣት ቁልፍ አያስፈልግም። አቶ ለገሰ ከፍተው ያስገቡት ሰው ሊሆን ይችላል። እሁድ መስመሩ ላይ ምን አሉ?»

«ምንም። ሙዚቃውን ለቀቀና ዝም። እሁድ ለሚሠሩ ወዳጆች ስለምልክላቸው ሪከርድ አድርጌዋለሁ፤ ስሚው።»

«ሁልጊዜ እንዲህ ዝም ይላሉ?»

«ኧረ! ሁልጊዜማ መሃል ላይ ሲደርስ ‹ልገልብጥ፣ እስከዚያ ሰላም ተባባሉ› ይለናል። እኛም የስልካችንን ድምፅ ከዘጋንበት ሚዩት ወጥተን ስለ ልጅ፣ ስለ ጤና እናወራለን። የዚያን ቀን እሱንም ነፈገን። አኩርፎ ነው።»

«በምን አኮረፉ?»

ሽማግሌው ዓይናቸውን ሰበሩ። «ባለፈው ሳምንት ‹ከመሃላችሁ አንዱ ሌባ ነው፤ እሁድ ሸክላውን አጫውቼ አሳያችኋለሁ› ብሎ ስልኩን ዘጋው። እኔም የሱ ሸክላ እጄ ላይ ነበርና እኔን መሰለኝ።»

ከሰዓት በኋላ ስሂን ከሟቹ ሁለት ፎቅ በላይ ወደሚኖሩት ሁለተኛዋ ጓደኛ፣ ወደ ወይዘሮ የዓለምዘርፍ ወጣች። እሳቸውም ሁለት ሸክላ ወስደው አልመለሱም፤ እሳቸውም ስድቡን ለራሳቸው ወስደውታል።

«ታዲያ ዝም ሲሉ አልጠሯቸውም?»

«እሱ ሰድቦኝ እኔ ልቅደም? የሚያስታርቀን ሽማግሌ ይምጣ ብዬ ተውኩት።»

ስሂን ስልኳን ከፍታ ቅጂውን አሰማቻቸው። ሙዚቃው ደቂቃዎች እንደሄደ ክላርኔቱ ላይ ቋ፣ ቋ፣ ቋ የሚል ነገር ገባ።

«ይቺ የራሱ ሸክላ ናት» አሉ ወይዘሮዋ። «ፋሲካ ዕለት መርፌው ከእጁ አምልጦ ሲጭራት አጠገቡ ነበርኩ። ምሳ እንኳ አልበላም። ከዚያ ወዲህ አንድ ጊዜ ለሦስተኛው ጓደኛችን ለአክሊል ካዋሳት በቀር ከቤት ወጥታ አታውቅም።»

«እሳቸው ቤት ሲዲ ማጫወቻ አላየሁም።»

«የለውም፣ ይጠላዋል። ባለፈው አንድ ሲዲ አምጥቶ የሰማው እንኳ በኔ ማጫወቻ ነው። ከማን እንዳገኘው አልነገረኝም። ሰምቶ ሲጨርስ ግን ፊቱ ጠቁሮ ነው የወረደው።»

ስሂን የዚያኑ ዕለት ተመልሳ አሌክሳንድሪያ ሄደች። አክሊል አሮጌ ሙዚቃ እንደገና እያሳተመ የሚሸጥ፣ ለስላሳ ሰው ነው። ሱቁ ግድግዳ ላይ በሚቀጥለው ወር የሚወጣው ሲዲ ማስታወቂያ ተለጥፏል፤ «ከመጀመሪያዎቹ ሸክላዎች በቀጥታ የተቀዳ» ይላል።

«እሁድ የት ነበሩ?»

«እዚሁ። ከሦስት ሰዓት ዐሥር ደቂቃ በፊት ጀምሮ ካሜራው ያሳየዎታል።»

«ከአቶ ለገሰ ሸክላ ተውሰው ነበር?»

«በሐምሌ፣ አንዷን። ሽፋኑን ለማየት ብቻ» አላት። ፈገግታው ከፊቱ ሳይጠፋ እጁ ማስታወቂያውን አቃና።

ማክሰኞ ረፋዱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሦስቱም ጓደኛሞች በሟቹ ሳሎን ተቀመጡ። ሳምሪ ከፖሊስ ጋር በሩ አጠገብ ቆማለች፤ ከእሁድ ጀምሮ እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም። ሶፋው ላይ የተቀመጠ የለም።

ስሂን መርፌውን ማጫወቻው ላይ ባለው ሸክላ የመጨረሻ ዘፈን ላይ አሳረፈችው። መለከቶቹ ጮኹ፤ ከሁለት ደቂቃ በኋላ ሙዚቃው አበቃና መርፌው ባዶውን ሽ... ሽ... ይል ጀመር። እሷ አልተነቃነቀችም። ሁሉም ጠበቁ፤ ጥበቃው ረዘመባቸው።

«ለምን ዝም አልሽ? ገልብጪው እንጂ» አሉ አቶ ተክለሃይማኖት።

«እሁድስ ማን ገለበጠው?» አለች ስሂን። «አንዱ ገጽ ሃያ አንድ ደቂቃ ነው፤ ሁለቱ አርባ ሁለት። እናንተ የሰማችሁት አርባ ሁለት ደቂቃ ግን መሃሉ ላይ የትንፋሽ ያህል እንኳ አልቆመም። ሸክላ ራሱን አይገለብጥም። ስለዚህ የተጫወተው ሸክላ አይደለም፤ ሙዚቃውም ከዚህ ቤት አልመጣም። የመስመሩ ኮድ ያውና ግድግዳው ላይ ተለጥፏል፤ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ኮዱን ያስገባ ሰው ከየትም ሆኖ አቶ ለገሰን መምሰል ይችላል።»

ወይዘሮ የዓለምዘርፍ ደነገጡ። «ጭረቷ ግን የሱ ናት። በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

«አዎ፤ ነገሩን የፈታልኝም እሱ ነው። ጭረቱ የአቶ ለገሰ ከሆነ፣ መሃሉ ላይ ስላልተገለበጠ ደግሞ ሸክላው ራሱ ካልሆነ፣ የሰማችሁት ከዚህ ሸክላ የተቀዳ ቅጂ ነው። ከተጫረ ወዲህ ሸክላውን ቤቱ የወሰደ አንድ ሰው ብቻ ነው።»

ማንም ወደ አክሊል ዞር ለማለት አልደፈረም።

«ዛሬ ጠዋት በፍርድ ቤት ትእዛዝ ሱቅዎን ፈትሸን ገና ያልወጣውን ሲዲ ሰማነው» አለችው። «ሦስቱ ቋታዎች አሉበት። ‹ከመጀመሪያው ሸክላ የተቀዳ› ያሉት ከአቶ ለገሰ እንደገና የታተመ ሸክላ የተሰረቀ ነው። በኩራት ናሙናውን ሲልኩላቸው የገዛ ጭረታቸውን ሰሙ። እሁድ ሊያጋልጡዎት ነበር። ሁለት ሰዓት አካባቢ መጡ፣ ከፍተው አስገቡዎት፤ በሶፋው ትራስ አፈኗቸው። ከዚያ ሸክላውን ሲያጫውቱ የሞቱ እንዲመስል ማጫወቻው ላይ አስቀመጡትና ሱቅዎ ተመልሰው ሲዲውን በስልክ ለቀቁት። ሃያ ዓመት ከሲዲ ጋር የኖረ ሰው ሸክላ መገልበጥ ያለበት መሆኑ ትዝ አይለውም። የኮንፈረንስ ድርጅቱ ከየትኛው ስልክ እንደተደወለ በዚህ ሳምንት ይነግረናል። ቁጥሩን አሁን ቢነግሩኝ ይሻላል።»

አክሊል ዓይኑን ማጫወቻው ላይ ተከለ።

«ጭረቱን ላጥፋው ብል ክላርኔቱ አብሮ ይሞታል» አለ። «ተወኝ ብዬ ለመንኩት። ጉልበቱን ይዤ ለመንኩት። ‹ሰው ሁሉ በጆሮው ይስማህ› አለኝ።»

ከመውጣቱ በፊት ቁጥሩን ነገራት። ስሂን ለአለቃዋ ደውላ ስትጨርስ ፖሊሱ ከሳምሪ አጠገብ ዞር አለ፤ ልጅቷ ግን ነፃ መሆኗ ቶሎ አልገባትም፣ ግድግዳውን ተደግፋ ቀረች። አቶ ተክለሃይማኖት በከዘራቸው ተደግፈው ተነሡ።

«ልጄ፣ ሳላይ መሰከርኩብሽ። በድዬሻለሁ፣ ይቅር በይኝ።»

«እኔ ይቅር ብዬዎታለሁ» አለች ሳምሪ። «እሳቸው ግን እዚህ ሞተው ተጋድመው፣ አኮረፉ ብላችሁ አንዳችሁም ስማቸውን አልጠራችሁም። እትዬ የዓለምዘርፍ ደረጃውን ቢወርዱ እኮ ቀድመውኝ ያገኟቸው ነበር።»

ወይዘሮ የዓለምዘርፍ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡና «ለገሰ» ብለው ጮክ አድርገው አለቀሱ፤ ከእሁድ ጀምሮ በዚያ ቤት የተሰማ የመጀመሪያው ለቅሶ ነበር።