ብርድ ልብስ ላይ የተቀመጠው ላፕቶፕ

የሺእመቤት አራቱን የጠርሙስ ቆርኪዎች ከመስኮቱ ደፍ ላይ አንድ በአንድ እያነሳች ፖስታ ውስጥ ከተተች። ቆርኪዎቹ ተራርቀው በአራት ማዕዘን ተደርድረው ነበር፤ አንድ ነገር ተሸክመው እንደቆዩ ያስታውቃሉ። ፖስታውን አሸገች፣ ቀኑን ጻፈችበት፣ ከዚያ ወደ አልጋው ዞረች።

ፊልጶስ በጎኑ እንደተኛ ሞቷል። ሃያ አራት ዓመቱ ነበር። ከንፈሩና ጥፍሮቹ ቀልተዋል፤ የመኪና ጭስ የገደለው ሰው ከሕያው ይልቅ ጤነኛ ይመስላል። እግሩ ሥር፣ ሁለት ጊዜ የታጠፈ ወፍራም ብርድ ልብስ ላይ፣ የጌም ላፕቶፑ ተቀምጧል። የሺእመቤት ላፕቶፑን አየችው፤ መስኮቱን አየችው፤ እንደገና ላፕቶፑን አየችው።

በአትላንታ ዙሪያ ካሉት ካውንቲዎች በአንዱ የሞት መርማሪ ሆና አሥራ አንድ ዓመት ሠርታለች። ሟቹ አበሻ ከሆነ የሚጠሩት እሷን ነው። ይህ ቤት ታከር ከተማ ውስጥ ነው፤ ባለ ሁለት ፎቅ ሆኖ ከሥሩ ቤዝመንት አለው። የፊልጶስን ክፍል ከጋራዡ የሚለየው አንድ በር ብቻ ሲሆን፣ በበሩ ሥር ጣት የሚያሾልክ ክፍተት አለ።

«ነገሩ ግልጽ ነው» አላት ሳጅኑ በእንግሊዝኛ፣ ደረጃው ላይ እንደቆመ። «የቤቱ ልጅ ጠዋት መኪናዋን ለማሞቅ ጋራዥ ውስጥ አስነሳች። ከዚያ ረስታው ከእናቷ ጋር ቤተ ክርስቲያን ሄደች። ልጁ በዚህ ብርድ መስኮቱን ዘግቶ ተኝቷል። ዐቃቤ ሕጉ ረቡዕ በቸልተኝነት ሰው በመግደል ይከሳታል።»

«ዕድሜዋ ስንት ነው?»

«አሥራ ዘጠኝ። ነርሲንግ ትማራለች። ከተፈረደባት ግን ነርስ የምትሆን አይመስለኝም።»

የመዘገበውን ወረቀት ሰጣት። ሟች፦ ፊልጶስ ገብረሕይወት ሕሩይ። የቤቱ ባለቤት፦ ገብረሕይወት ሕሩይ። ከጎኑ «አጎት» ብሎ ጽፏል።

«አጎቱ መሆኑን ማን ነገረህ?»

«ማንም። የመጨረሻ ስማቸው አንድ ነው።»

የሺእመቤት ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አንብባ መለሰችለት።

ላይ፣ ሳሎን ውስጥ፣ የቤቱ ባለቤት ካፖርቱን ሳያወልቅ ተቀምጧል። ስልሳ ዓመት የሞላው፣ ድምፀ ለስላሳ ሰው ነው። ሰው ሁሉ ጋሽ ተስፋጽዮን ነው የሚለው።

«ያገኙት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ። ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ፣ ስድስት ሰዓት ተኩል ገደማ ጋራዡን ስከፍተው ጭስ ሸተተኝ። ሮጬ ወደ ክፍሉ ገባሁ። ያ ኮምፒውተሩ እንደ ወፍጮ ያጓራል፤ እሱ ዝም ብሏል። ኮምፒውተሩን አጠፋሁት፣ መስኮቱን ከፈትኩት፣ ናይን ዋን ዋን ደወልኩ።»

«የመኪናውስ ሞተር?»

«ጠፍቶ ነበር። ባለ በተን ነው እኮ፤ እንደቆመ አንድ ሰዓት ሙሉ ማንም ካልነካው ራሱን ያጠፋል። ምን ዋጋ አለው፣ አንድ ሰዓት ለሰው በቂ ነው።»

«ጠዋት የት ነበሩ?»

«ቤተ ክርስቲያን። ፓርኪንግ የማስተናብረው እኔ ነኝ። ከሁለት ሰዓት ጀምሮ ቢጫ ሰደርያ ለብሼ ብርድ ላይ ቆሜያለሁ።»

«ፊልጶስ ዘመድዎ ነው?»

«ተከራይ ነው። በዲቪ መጥቶ ማረፊያ ሲያጣ ቤዝመንቱን ሰጠሁት።»

«ወረቀቱ ላይ ስምዎ ሌላ ነው።»

ጋሽ ተስፋጽዮን ፈገግ አለ። «የወረቀት ስም ነዋ። በሱዳን በኩል የመጣ ሰው ሁሉ ሁለት ስም አለው። እርስዎ ይህን መቼ ያጡታል?»

«አላጣውም» አለች የሺእመቤት።

ኩሽና ውስጥ የቤቱ ልጅ ሔለን ሻይ ይዛ ተቀምጣለች። እናቷ ወይዘሮ ውቢት ጀርባዋን ሰጥታት ሳህን ታጥባለች።

«ሰው ገድለሽ ሻይ ይወርድልሻል?» አለች ሳትዞር።

ሔለን ብርጭቆውን አስቀመጠችው።

«መኪናውን አጥፍተሽው ነበር?» አለቻት የሺእመቤት።

«ያጠፋሁት ይመስለኛል። ላይክ፣ በተኑን ስጫነው ትዝ ይለኛል። ግን የዛሬ ይሁን የትናንት… አይ ዶንት ኖው። አንድ ሰዓት ላይ አስነሳሁት። አባዬ መንገዱ አይስ ነው፣ የእማዬ መኪና ጎማው ይሻላል፣ በእሷ ሂዱ አለን። ለሁለት ሩብ ጉዳይ ቸርች ነበርን።»

«የጋራዡ በርስ?»

«ሁልጊዜ ከፍቼ ነው የማሞቀው። ሲገኝ ግን ዝግ ነበር አሉ። ሜይቢ ስወጣ በልማድ ዘጋሁት።»

«ሜይቢ» አለች ወይዘሮ ውቢት። «ሰው ታች ሬሳ ሆኖ፣ የእሷ ነገር ሜይቢ ነው።»

ጋሽ ተስፋጽዮን ገብቶ ልጁን ራሷን ዳበሳት። «ተያት እስቲ፣ ልጅ ናት። ሔሊዬ፣ ረስቼ ነው በያቸው። ዳኛው ይራራልሻል። ስትከራከሪ ነው የሚጠሉሽ።» ሔለን እጁን ይዛ አለቀሰች።

አራተኛው የቤቱ ነዋሪ ሙላው ነው፤ ፎቅ ላይ አንድ ክፍል ተከራይቶ፣ ከኤርፖርት ሰው እያመላለሰ ይኖራል። የሺእመቤት ያገኘችው በረንዳው ፊት ባቆማት መኪናው ውስጥ ነው። ጎኑ ገብታ ተቀመጠች።

«ላፕቶፑ የእኔ ነበር» አላት። «ስለሚግል ነው የተውኩለት። ላዩ ላይ እንቁላል ቢሰብሩበት ይበስላል፣ እትዬ። ማራገቢያውን ነፍቼ አጸዳሁለት፣ የማቀዝቀዣ ፔስቱን ቀየርኩለት፣ ጠብ የሚል ነገር የለም። በመጨረሻ በጥር ብርድ መስኮት ከፍቶ ደፉ ላይ ያስቀምጠው ጀመር። አየር በሥሩ እንዲገባ ደግሞ አራት ቆርኪ ላይ። ሌሊት ሙሉ ይጫወታል፤ ጠዋት ጌሙን እንደበራ ትቶ ይተኛል፣ ላፕቶፑ ብቻውን ነጥብ ይለቅምለታል። እሱ ታች ጃኬት ለብሶ ይንቀጠቀጣል፣ እኛ ላይ እንስቃለን።»

«ብርድ ልብስ ላይ ያስቀምጠው ነበር?»

ሙላው ፊቱ ተኮሳተረ። «አየር የሚስበው እኮ በሥሩ ነው። ብርድ ልብስ ላይ ማስቀመጥ አፉንና አፍንጫውን መያዝ ማለት ነው። ፊልጶስ እንዲህ የሚያደርግ ሰው ቢያይ ይማታል።»

«ዛሬ ጠዋት አውርታችኋል?»

«አላወራንም» አለ። ዓይኑን ከመሪው ላይ አላነሳም።

ሰኞ ጠዋት የሺእመቤት ቢሮዋ ውስጥ የላፕቶፑን መዝገብ ስታነብ አረፈደች። ፊልጶስ የሙቀት መቆጣጠሪያ ፕሮግራም ጭኖበታል፤ በየደቂቃው ዲግሪውን ይጽፋል። ስድሳ ሁለት፣ ስድሳ አንድ፣ ስድሳ ሁለት። ሌሊቱን እንዲህ ያነጋል። ቁጥሩ አንድ ቦታ ላይ መውጣት ይጀምራል፤ ሰባ አራት፣ ሰማንያ ስምንት፣ ዘጠና ሰባት። ከዚያ ምንም የለም። የመጨረሻውን ሰዓት በእርሳስ ከበበችው። ጌሙ ውስጥ ያገኘችውን አንድ አጭር የመልእክት ልውውጥም ገለበጠች።

ቀጥላ ሽፈራው ለሚባል ሰው ደወለች፤ ከጋሽ ተስፋጽዮን ጋር ፓርኪንግ የሚያስተናብር ነው።

«እሑድ? አራት ሰዓት ላይ ነው የደረሱት» አላት። «አይስ ያዘኝ ብለው። ብቻዬን ስጮህ ነው ያረፈድኩት።»

በመጨረሻ ደሴ ደወለች፤ ለሟች እናት ለወይዘሮ ዘውድነሽ።

«ገብረሕይወት ሕሩይ ባለቤቴ ነው» አሉ እናትየው። «ፊልጶስ ሦስት ዓመቱ ሳለ ሱዳን ካምፕ ውስጥ ሞተ። ወደ አሜሪካ የሚሄድበት ወረቀቱ አልቆለት ነበር። ጓደኛው ነው የጻፈልኝ፣ ተስፋጽዮን የሚባል።»

«ልጅዎ ይህን ያውቅ ነበር?»

«ባለፈው ሳምንት ደውሎ፣ የቤቱ ጌታ በሚመጣለት ፖስታ ላይ የአባቴን ስም ከነአያቴ አየሁ አለኝ። ጠይቀው አልኩት። ጠየቀው። ማክሰኞ ኢሚግሬሽን ሄጄ አሳያቸዋለሁ አለኝ። ጠይቀው ያልኩት እኔ ነኝ። ባልለው ኖሮ ልጄ ይኖር ነበር?»

የሺእመቤት ነፍስ ይማር ብላ ስልኩን ዘጋች።

ማክሰኞ ከቀትር በኋላ ሁሉም ሳሎን ተሰበሰቡ። ጋሽ ተስፋጽዮንና ወይዘሮ ውቢት ሶፋው ላይ፣ ሔለን ጠረጴዛው ጋ፣ ሙላው በሩ አጠገብ። ሳጅኑ ኮሪደሩ ላይ ቆሟል፤ አማርኛ አይሰማም፣ የሚጠብቀው ምልክት ነው።

«ከሙላው ልጀምር» አለች የሺእመቤት። «ዋሽተኸኛል። እሑድ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ከአምስት ላይ ፊልጶስ ጌሙ ውስጥ ጽፎልሃል። ‹ጣቴ በብርድ ደንዝዟል፣ ልተኛ ነው› ይላል። ምን ብለህ መለስክለት?»

ሙላው አንገቱን ደፋ።

«እኔ ላንብበው?»

«‹ተኛ፣ አንተ ሬሳ› አልኩት» አለ። «ቀልድ ነበር። ሁልጊዜ እንደዚያ ነበር የምለው።»

«ያን ያልከው ከኤርፖርት የሾፌሮች ማቆሚያ ሆነህ ነው፤ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ሰው ጭነሃል። ስለዚህ አንተን ተውኩህ። አሁን ሔለን። አንድ ሰዓት ላይ ሞተሩን አስነስታ ረሳችው እንበል። ይህ መኪና ከአንድ ሰዓት በኋላ ራሱን ያጠፋል። እንግዲያው ሁለት ሰዓት ላይ ጠፍቷል። ፊልጶስ ግን ከዚያ አምስት ደቂቃ በኋላ በሕይወት አለ፤ ይጽፋል፤ በብርድ ይማረራል። በጭስ የሚሞት ሰው ብርድ አያማርርም። የገደለው ሌላ ጭስ ነው። መኪናው የጋራዡ በር ተዘግቶ ሁለተኛ ጊዜ ተነሥቷል።»

ሔለን ቀና አለች።

«መስኮቱን እሱ ራሱ ዘግቶት ይሆናል» አለች ወይዘሮ ውቢት።

«የላፕቶፑ ሙቀት ለሦስት ሃያ ጉዳይ እስኪሆን ድረስ ስድሳ ሁለት ነው። መስኮቱ ክፍት፣ ላፕቶፑ ቆርኪዎቹ ላይ ነው ማለት ነው። ለሦስት ሃያ ጉዳይ ላይ ቁጥሩ ተነሣ። አንድ ሰው ገብቶ ላፕቶፑን ከደፉ ላይ አነሣው፤ ካላነሣው መስኮቱ አይዘጋም። ቆርኪዎቹን እዚያው ትቶ ብርድ ልብስ ላይ አስቀመጠው። ፊልጶስ ስለ ላፕቶፑ ብሎ ስንት ቀን ብርድ ላይ የተኛ ልጅ ነው፤ ብርድ ልብስ ላይ አያስቀምጠውም። ሙላውም አያደርገውም። ይህን ያደረገው ቆርኪዎቹ ለምን እንደተቀመጡ የማያውቅ ሰው ነው። እናትና ልጅ በዚያ ሰዓት ቅዳሴ ላይ ነበሩ። የሽፈራው ምስክርነት ደግሞ አለኝ፤ ጋሽ ተስፋጽዮን ቤተ ክርስቲያን የደረሱት አራት ሰዓት ላይ ነው። የሔለን መኪና ትርፍ ቁልፍ ያለውም እርስዎ መኝታ ቤት ነው።»

«በሐሜት ሰው ይታሰራል?» አለ ጋሽ ተስፋጽዮን፤ ድምፁ አሁንም ለስላሳ ነው።

«ራስዎ የነገሩኝ አለ። ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ሲገቡ ኮምፒውተሩ እንደ ወፍጮ እያጓራ እንደነበርና እርስዎ እንዳጠፉት ነገሩኝ። ላፕቶፑ ከሙቀቱ የተነሣ ራሱን ያጠፋው ሦስት ሰዓት ከአሥራ ሁለት ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ማንም አላበራውም። ሲያጓራ የሰሙት ጠዋት ነው፣ መስኮቱን ሲዘጉ። በኋላ ዝም ብሎ ሲያገኙት ለዝምታው ምክንያት ፈለጉለት።»

የሺእመቤት ሰዓቱን በእርሳስ የከበበችበትን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች።

«ሳጅኑ የስማችሁን መጨረሻ አይቶ አጎቱ መሰሉት። እኛ እንዲህ አናነብም። ፊልጶስ ገብረሕይወት ማለት የገብረሕይወት ልጅ ማለት ነው። እርስዎ የለበሱት የአባቱን ስም ነው። ዛሬ ማክሰኞ ነው፤ ልጁ ይህን ለመናገር ኢሚግሬሽን ሊሄድ የነበረው ዛሬ ነበር።»

ጋሽ ተስፋጽዮን ሚስቱን አየ፤ ሚስቱ ምንጣፉን አየች።

«አባቱ ትኩሳት ላይ ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «ቢበዛ ሦስት ቀን ቢቆይ ነው። ወረቀቱ ግን አይጠብቅም ነበር።»

«ሲሄዱ ሞቶ ነበር?»

«አልሞተም። ውሃ ይለምን ነበር። ውሃ ሊያመጣልኝ ነው ብሎ ነው የለቀቀኝ።»

ሔለን ከወንበሯ ተነሣች። «አባዬ፣ እኔስ? እኔ ነኝ የገደልኩት ብዬ ሦስት ቀን…»

«አንቺ እዚህ ተወልደሻል፤ ወዴትም አይመልሱሽም» አላት፣ እሑድ ራሷን እየዳበሰ በተናገረበት ድምፅ። «እኔን ነው የሚመልሱኝ። አንቺ ላይ ቢፈርዱ ሁለት ዓመት ነው፤ ወጣት ነሽ። አስቤበታለሁ።»

የሺእመቤት ወደ ኮሪደሩ ራሷን ነቀነቀች። ሳጅኑ ገባ። ጋሽ ተስፋጽዮን ካፖርቱን እንዲደርብ ጠየቀ፤ ፈቀዱለት፤ ሙላው በሩን ከፈተላቸው።

መኪናዎቹ ከሄዱ በኋላ የሺእመቤት አንድ ቅጽ ከቦርሳዋ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። «ያደረግሽውን ብቻ ጻፊ» አለቻት ለሔለን።

«አትጻፊ» አለች ወይዘሮ ውቢት ከሶፋው ላይ። «አባትሽ ነው። ሰንዴይ ያመንሽውን ዛሬም ማመን ያቅትሻል? አንድ ቃል ብትጽፊ እናት የለሽም።»

ሔለን ብዕሩን አነሣች፤ ተለቅ ባለ፣ በልጅነቷ ቅዳሜ ቅዳሜ በተማረችው የአማርኛ ፊደል «መኪናውን አጥፍቼዋለሁ» ብላ ጻፈች። አነበበችው። ከሥሩ ፈረመች፣ የብዕሩን ክዳን ገጠመች፣ ወረቀቱን ወደ ጠረጴዛው ጫፍ ገፋ አደረገችው።