የጅቡቲው ዓሣና የአሊ መረብ

ስለ ጂንና ስለ ዛር ወሬ ሲጀመር ወንበሬን አንስቼ ፀሐይ ወዳለበት የምሄድ ሰው ነኝ፣ ሐይቅ ከተማ ውስጥ የሚያውቀኝ ሁሉ ይመሰክርልኛል። የትምህርት ቤት ደጃፍ ሳልረግጥ ሬዲዮ ፈትቼ የገጠምኩ፣ ደሴ ድረስ ሄደው መፍትሔ ያጡለትን የወፍጮ ሞተር ያስነሳሁ፣ እንግሊዝኛን ከመድኃኒት ካርቶን ላይ ለቅሜ የተማርኩ ሰው ነኝ፣ የሚንኳኳ ነገር ሁሉ የሆነ ቦታ የላላ ብሎን አለው ብዬ ነው የኖርኩት። ስለዚህ ወዳጄ፣ ይህን ከሌላ ሰው አፍ ብሰማው ስቄ እሸኘው ነበር፣ አንተም ብትስቅ አልቀየምህም፣ ብቻ እስከ መጨረሻው ስማኝ።

የእህቴ ልጅ የጅቡቲ መስመር ሾፌር ነው፣ ዓምና ሲመጣ ክዳን ባለው ባልዲ ሦስት ትናንሽ ዓሣዎች ይዞልኝ መጣ፣ ባሕሩ ወደ ረግረጉ ከሚገባበት፣ ዛፎች ሥራቸውን ውሃ ውስጥ ነክረው ከቆሙበት ቦታ የተያዙ ናቸው አለኝ። ሲነኩት ውሃ ጠጥቶ እንደ ኳስ የሚነፋው ዓሣ ነው፣ ጥርሱ እንደ በቀቀን አፍ የተገጠመ፣ ሥጋው መርዝ። ሰው ይህን ዓይነት ዓሣ ሐይቅ ከተማ ማኖር አይቻልም ይላል፣ እኔ ግን ከተዘጋ ሱቅ የማሳያ መስታወት ገዝቼ ገንዳውን በእጄ ሠራሁ፣ አየር የሚነፋለትን ሞተር ከአሮጌ ማሽን አውጥቼ ገጠምኩ። ውሃው ከባሕር የቀለለ ከጉድጓድ የከበደ መሆን አለበት፣ ስልኬ በካርቶን የታሸገ የባሕር ጨው ግዛ ይለኛል፣ እዚህ ማን ይሸጥልኛል? የአፋር አሞሌ ጨው ከገበያ ገዝቼ ወቀጥኩና በምላሴ ለካሁት፣ ውሃው እንባ እንባ ሲል ልክ ነው፣ ይህን ማንም አላስተማረኝም፣ ራሴ ነኝ ያገኘሁት።

ከሦስቱ ትልቁ ሁለቱን ከክንፋቸው ጀምሮ ጨረሳቸውና ብቻውን ቀረ። ሚስቴ ዘይነባ «ሰውዬው» አለችው፣ ሰው ወደ ክፍሉ በገባ ቁጥር መስታወቱ ጋ መጥቶ ፊት ለፊት ስለሚያይ ነው፣ እውነቷን ነው፣ ዓሣ ሰውን እንደዚያ አያይም። ጥርሱ ከልክ በላይ እንዳያድግበት ከሐይቁ ዳር ቀንድ አውጣ እየለቀምኩ እሰጠዋለሁ፣ ዛጎሉን ሲሰብር ቀጭ የሚለው ድምፅ ከወዲያኛው ክፍል ይሰማል።

አሊ የዘይነባ ታናሽ ወንድም ነው፣ ዓሣ አጥማጅ፣ ቤቱ ሙሉ ልጅ ነው፣ ያን ሁሉ አፍ የምታበላው ደግሞ አንዲት መረብ ናት። እኔና እሱ ድሮም አንዋደድም፣ ሊጠይቃት በመጣ ቁጥር ሳይነካካኝ አይወጣም።

«ጋሽ ይማም፣ የማይበላ ዓሣ እየቀለቡ ነው አሉ፣ ሱብሃነላህ!»

«አንተ የምትይዘው ቆሮሶ ነው አሊ፣ ይሄ ዓሣ አእምሮ አለው።»

«አእምሮ ካለው እርስዎ ቤት ምን ይሠራል?»

ዘይነባ ሳቀች፣ እኔ አልሳቅሁም።

ከዚያ አንድ ቀን ጠዋት ፊቱ ጠቁሮ መጣና መረቡን በረንዳዬ ላይ ዘረገፈው። ተበሳስቷል፣ ቀዳዳው ግን ድንጋይ የቀደደው፣ አምባዛ የበጣጠሰው ዓይነት አይደለም፣ እያንዳንዱ እንደ ግማሽ ጨረቃ ክብ ነው፣ ጠርዙ በመቀስ እንደተቆረጠ ንጹሕ። ሌባ ነው አልኩት፣ ሌባ ዓሣውን ይወስዳል እንጂ መረብ ይነክሳል ወይ አለኝ። የጓደኞቹ መረብ ከሱ ጎን ተጥሎ አንድ ክር አልጎደለበትም፣ ጠግኖ ጣለው፣ ደግሞ ተቆረጠ፣ ደግሞ ጠገነ፣ ደግሞ ተቆረጠ።

በመጨረሻ ሳይፈቀድለት ገንዳው ወዳለበት ክፍል ዘልቆ ገባና የተቆረጠውን መረብ መስታወቱ ላይ ለጠፈው። ሰውዬው ከጥጉ ቀስ ብሎ መጣ፣ ከቀዳዳው ፊት ቆመ፣ አፉን ከፈተ፣ ትክክል ነው፣ ወላሂ ልክ በልክ ነው የገጠመው።

«ምን ትላላችሁ?» አለ አሊ።

«አፍ ሁሉ ክብ ነው» አልኩት።

«ስማ አንተ ሰውዬ። መረቤ አንድ ጊዜ ደግሞ ከተቆረጠ ይሄን መስታወት በመቅዘፊያዬ ነው የማደቀው።»

«አንተ አልከኝ?»

«አልኩህ!»

ዘይነባ መሐላችን ገባች። እኔም ደሜ ፈልቶ ስለነበር ነገ መረቡን ስታወጣ አብሬህ እወጣለሁ፣ የሚቆርጠውን ነገር በዓይንህ አሳይሃለሁ፣ ይቅርታም ትጠይቀኛለህ አልኩት። እንደሚያፍር እርግጠኛ ነበርኩ።

ሌሊት ነበር፣ ጨለማ ነበር ብዬ ባሳምርልህ ደስ ይለኝ ነበር፣ ግን ጠዋት ነው፣ ፀሐይ ወጥታለች፣ ውሃው ጸጥ ብሏል፣ ሐይቁ ዳር ካለው ገዳም በኩል የደወል ድምፅ ይመጣል። እኔና አሊ በጀልባው ጫፍና ጫፍ ተቀምጠን አንነጋገርም። መረቡ ጋ ደርሰን አሊ መጎተት ሲጀምር ከእግራችን ሥር፣ ከሳንቃው በታች፣ ቀጭ አለ።

አሊ ቀና ብሎ አየኝ። ጀልባህ እንጨቱ ደርቋል አልኩት። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ቀጭ፣ አሁን ወደኔ በኩል ነው። «ያዝ» አለኝና የመረቡን ጠርዝ ሰጠኝ፣ ያዝኩ፣ እመነኝ ወዳጄ፣ በዚህ እጄ ነው የያዝኩት፣ ሕፃን ልጅ ከሥር ሱሪህን ይዞ እየኝ እንደሚልህ ዓይነት አጭር ጉተታ መጣ፣ ሁለት ጊዜ። ጎንበስ ብዬ አየሁ፣ ውሃው ጥርት ያለ ነው፣ ምንም ነገር የለም፣ መረቡ ግን እያየሁት ቀዳዳ በቀዳዳ ይከፈታል፣ ከሩቅ ጀምሮ ወደ ጣቶቼ እየመጣ ነው። ለቀቅሁት።

ያኔ ስልኬ ጮኸ፣ ዘይነባ ናት፣ እጄ ርጥብ ስለሆነ በድምፅ ማጉያው ከፈትኩት፣ አሊም ሰማ።

«ሰውዬው የለም።»

«የለም ማለት?»

«ገንዳው ውስጥ የለማ! ክዳኑ እንደተከደነ ነው፣ የጫንክበት ድንጋይ እንዳለ ነው፣ ወለሉንም አልጋ ሥሩንም አየሁ፣ የለም።»

«ከአሸዋው ውስጥ ተቀብሮ ይሆናል፣ ደህና አድርገሽ እዪ።»

«አንተ ሰው፣ ዓይን የለኝም ወይ? የለም እኮ ነው የምልህ!»

አሊ የቀረውን መረብ ሰብስቦ መቅዘፍ ጀመረ፣ እንደዚያ ቀዝፎ አያውቅም። ከዳር በባጃጅ መጣን፣ መቅዘፊያውን ጉልበቱ ላይ እንዳጋደመ ነው። ዘይነባ ደጅ ቆማ ጠበቀችን፣ «አሁን ተመልሷል፣ ጀርባዬን ሳዞር ነው» አለችና ወደ ውስጥ አልገባም አለች።

ሰውዬው ከገንዳው መሐል ቆሟል። ክዳኑን አንስቼ ጣቴን ነክሬ ቀመስኩ፣ ማታ ጨው የጨመርኩበት ውሃ ነው፣ በዚህ ምላሴ ልክ አድርጌ ያስተካከልኩት፣ አንዲት ፍሬ ጨው የለበትም፣ ለስላሳ ነው፣ ቄጠማ ቄጠማ የሚል፣ ከልጅነቴ ጀምሮ የጠጣሁት የሐይቃችን ውሃ ነው። ይህን ለአሊ አልነገርኩትም። አሊ መቅዘፊያውን አንስቷል።

«ስበረው!» አለች ዘይነባ ከደጅ።

እጁ አየር ላይ እንዳለ ቀረ። ወለሉን አየ፣ ደፉን አየ፣ ከደፉ ወዲያ ግቢዬን አየ፣ ግቢዬ ቁልቁል ነው፣ ዝናብ ሲዘንብ ውሃው በቦዩ አድርጎ ቀጥ ብሎ ሐይቁ ውስጥ ይገባል።

«ብሰብረውስ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ውሃው ወዴት ነው የሚሄደው?»

መቅዘፊያውን አወረደ። «አንተ ነህ ያመጣኸው፣ አንተ አውጥተህ ግደለው፣ በደረቅ መሬት ላይ።»

እጅጌዬን ሰበሰብኩና እጄን አስገባሁ፣ የምፈራ ሰው አይደለሁም። ዓሣው አልሸሸም፣ አልተነፋም፣ መጥቶ መዳፌ ላይ ተኛ፣ ቀዝቃዛ ነው፣ ከሚመስለው በላይ ይከብዳል። ከዚያ የትንሿ ጣቴን ቆዳ በጥርሱ ያዘ፣ ሳይነክስ፣ እና ጎተተኝ፣ አጭር፣ ሁለት ጊዜ። ያ ጉተታ ነው። ሌላ አይደለም፣ ያው ነው።

እጄን አወጣሁ። «የማይበላ ነገር በከንቱ መግደል ሐራም ነው» አልኩ።

አሊ ሳቀ፣ ክፉ ሳቅ። «ፈራህ።»

«እኔ?»

«ፈራህ ጋሽ ይማም፣ ያ ሁሉ ጉራ!» አለና መረቡን ትከሻው ላይ ጥሎ ወጣ። ከዚያን ቀን ወዲህ ሰላምታ የለንም፣ በመስጊድም ደጃፍ ብንገናኝ እሱ ወዲያ እኔ ወዲህ ነን።

አሊ ሐይቁን ትቶ አሸዋ ሲጭን ከረመ፣ ልጆቹ መክሳታቸውን ዘይነባ በየቀኑ ትነግረኛለች። እኔ ገንዳውን እንደገና ጨው ሠራሁለት፣ ውሃው እንባ እንባ ይላል፣ ሰውዬው ይበላል፣ ያያል። አንድ ነገር ብቻ ለውጫለሁ። ውሃ ስቀይር አሮጌውን ቦዩ ውስጥ መድፋት ትቼ በጀሪካን አጠራቅመዋለሁ፣ ክዳኑን አጥብቄ ከግንቡ ሥር እደረድራለሁ፣ ለምን ብሎ ለጠየቀኝ ለምርምር ነው እለዋለሁ፣ እኔ የማደርገውን ስለማይረዱት አይከራከሩኝም።

ዛሬ ጠዋት ከዳር ያለውን ጀሪካን ላሸጋሽገው ሳነሳው ቀለለኝ። ክዳኑ ጥብቅ ነው፣ ሥሩ አልተበሳም፣ መሬቱ ደረቅ ነው፣ ጀሪካኑ ግን ባዶ ነው። ቀጥሎ ያለውን አነሳሁ፣ እሱም ባዶ ነው። ሦስተኛውን አልነካሁም፣ የአሊ ጥያቄ ነው የመጣብኝ፣ ውሃው ወዴት ነው የሚሄደው።

ዘይነባ በምሳ ሰዓት ፊቷ በርቶ መጣች፣ አሊ ተበድሮ አዲስ መረብ ገዝቷል፣ ዛሬ ሲመሽ ይጥላል፣ ልጆቹ ነገ ዓሣ ይበላሉ አለች። ነገሩ አንድ ቃል ነው የሚፈልገው፣ ዛሬ አትውጣ ማለት ነው፣ ግን ለምን ሲለኝ ምን ልለው ነው፣ ባዶ ጀሪካን አይቼ ደነገጥኩ ልበለው? ለዚያ ለአሊ?

ይህን የምጽፍልህ በረንዳዬ ላይ ተቀምጬ ነው፣ ፀሐይዋ ወደ ተራራው አዘንብላለች። አሊ አዲሱን መረብ ትከሻው ላይ አድርጎ በደጄ ቁልቁል እየወረደ ነው። ቀና ብሎ አላየኝም፣ እኔም አልጠራሁትም።