ሁለት ስንዝር ላስቲክ

«ይሄኛውስ?» አለ አባቷ፣ ጠመኔውን በጣቶቹ መሀል ይዞ።

ጆሮ የሚሏት ልጁ ነጯን ኳስ እንደጨበጠች ጠርዙን አየች። የስኑከር ጠረጴዛውን ግራ ጠርዝ፣ ከመሀለኛው ቀዳዳ ትንሽ ራቅ ብሎ፣ በኳሷ ሦስት ጊዜ መትታዋለች። ሦስቱንም ጊዜ ድምፁ «ድፍ» ነው ያለው። ደህና ላስቲክ «ጧ» ብሎ ኳሱን መልሶ ይሰድደዋል። እዚህ ቦታ ላይ ግን ኳሷ ደክሟት እንደተቀመጠች ሁሉ አንድ ስንዝር ተመልሳ ቀጥ አለች። ሁለት ስንዝር የሚያህል ላስቲክ ከጨርቁ ሥር ደርቆ ሞቷል።

ከጠረጴዛው ማዶ ጥይት የሚሏት ጓደኛዋ ጥፍሯን እየበላች ታያታለች።

«ደህና ነው» አለች ጆሮ።

አባቷ ደግሞ አልጠየቀም። ጠርዙ ላይ ምልክት ሳያደርግ ወደሚቀጥለው አለፈ።

ትክክለኛ ስሟን የሚጠሩት የትምህርት ቤት መምህራን ብቻ ናቸው። «ጆሮ» ያላት ራሱ አባቷ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ የስኑከር ጠረጴዛ ሲጠግን የኖረ ሰው ነው፤ የወርክሾፑ ማሽን ግን የግራ ጆሮውን ከጥቅም ውጭ አድርጎበታል፣ ቀኙም ቢሆን እንደ ድሮው አይደለም። ስለዚህ ካለፉት ሁለት ዓመታት ወዲህ ከትምህርት ቤት ስትወጣ አብራው ትሄዳለች። እሱ መጀመሪያ ብሎኖቹን አንድ በአንድ ያጠብቃል፤ የላላ ብሎን ጠርዙን እያንቀጠቀጠ ደህናውን ላስቲክ የሞተ ያስመስለዋልና። ከዚያ እሷ ኳስ እያጋጨች ትሰማለች። እሷ «ሞቷል» ያለችበት ቦታ ላይ በጠመኔ ያሰምራል። እሷ «ደህና ነው» ካለች አለቀ፣ የጠርዙ ጉዳይ ተዘጋ። አሥራ አራት ዓመት ሳይሞላት እንዲህ የታመነ ሰው በሰፈሩ የለም፤ ጆሮም ይህን ስታስብ ደስ ይላት ነበር።

ነገሩን የጀመረችው ጥይት ናት፣ በዋዜማው ማክሰኞ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ።

«በናትሽ፣ እሷን የሞተች ቦታ ብቻ ተዪልኝ» አለቻት ክንዷን ይዛ። «እስከ ቅዳሜ።»

ጥይት አሁን በሚጠገነው የወጣት ማዕከሉ ጠረጴዛ ላይ አራት ዓመት ተጫውታለች። የሞተውን ቦታ ዓይኗን ጨፍና ታገኘዋለች። ነጯን ኳስ እዚያ ልካ ታስቀምጥና ተጋጣሚዋን መላ ታሳጣታለች። ቅዳሜ በማዕከሉ ውድድር ያሸነፈች ልጅ ደግሞ ክረምቱን ከምርጥ ቡድኑ ጋር ትለማመዳለች። ጥይት ከዓመት ዓመት ሌላ ወሬ የላትም።

«ጠረጴዛው እንዲጠገን እኮ ነው የተጠራነው» አለች ጆሮ።

«አታካብጂ! ሌላውን ሁሉ ጠግኑት። ዋሺ አላልኩሽም፤ ዝም በይ ነው ያልኩሽ።»

ጆሮ አምስተኛ ክፍል አዲስ ተማሪ ሆና ስትመጣ አጠገቧ የሚቀመጥ ሰው ጠፍቶ ነበር። «የኳስ ሐኪም ልጅ» እያሉ ሲስቁባት ጥይት ቦርሳዋን አንጠልጥላ መጥታ ጎኗ ዘጭ አለች፤ እስከ ዛሬም አልተነሳችም። እንዲህ ላለች ጓደኛ ዝም ማለት ምን አላት? ጆሮ ዝም ልትል ተስማማች። አባቷ ግን ጠየቃት፤ ለሚጠይቅ ሰው ደግሞ ዝም አይባልም።

ሐሙስ ጠመኔ የተሰመረባቸውን ሁለቱን አጫጭር ጠርዞች ፈቱ። ጨርቁን የያዙትን ሽቦዎች ነቅለው አሮጌውን ላስቲክ ሲገነጥሉት እንደ ብስኩት ተፈረፈረ። ጆሮ የደረቀውን ማስቲሽ ፍቃ አነሳች። ከዚያ በእንጨቱም በአዲሱ ላስቲክም ላይ ማስቲሽ ቀብተው ጣት ላይ መጣበቁን እስኪተው ጠበቁ።

«አትሳቢው» አለ አባቷ ላስቲኩን ሲያስተኙ። «ብቻ አስቀምጪው። ዛሬ ከሳብሽው ነገ ይኮማተርና ጫፉ ይለቃል።»

«አውቃለሁ፣ አባዬ።»

«ማወቅሽንማ አውቃለሁ። አፌ ለምዶ ነው።»

ጨርቁን መልሰው ወጥረው ጠርዞቹን ሲያስሯቸው ድምፃቸው ጥርት ያለ ሆነ። አባቷ ትከሻዋን መታ መታ አደረጋት። ሌላ ጊዜ ቢሆን በደስታ ጣሪያ ትነካ ነበር። ያን ቀን ግን እጁ ከበዳት።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ የጥይት የቅዳሜ ተጋጣሚ የሆነችው ልጅ ጠረጴዛውን ልትለማመድበት መጣች። አሥራ ሁለት ዓመት ቢሆናት ነው፤ ከታላቅ እህቷ የወረሰችው የሚመስል ሰፊ ሹራብ ለብሳ እጅጌውን ሁለት ጊዜ ጠቅልላዋለች። አሠልጣኟ አብሯት አለ። የጆሮ አባት መሬት ላይ ተቀምጦ የቀሩትን መፍቻዎች ወደ ሳጥኑ ይመልሳል። ጥይት ግድግዳውን ተደግፋ አግዳሚው ወንበር ላይ ናት።

ልጅቷ ጎንበስ ብላ መታች። አመታቷ ያምራል፤ ዱላው ቀጥ ብሎ ሄዶ ቀጥ ብሎ ይመለሳል። ነጯ ኳስ ግራው ጠርዝ ላይ ደርሳ «ድፍ» አለችና ቆመች።

«አንጓሽ!» አለ አሠልጣኟ። «ላልቷል።»

ደገመችው። ያው ነው።

ሦስተኛውን ከመምታቷ በፊት እግሯን አስተካከለች። አራተኛው ላይ አያያዟን ቀየረች፤ ያ ያማረ አመታት ተበላሸ። አምስተኛውን በኃይል ስትመታው ኳሷ ዘላ ወለሉ ላይ ወደቀች። ጥይት ሳቋን በመዳፏ አፈነች።

«ይቅርታ» አለች ልጅቷ። ኳሷን ከወንበሩ ሥር አወጣችና የገዛ እጇን ገልብጣ አየችው፤ ጥፋቱን እዚያ ላይ ልታገኘው የፈለገች ትመስላለች። «ቤት ደህና ነበርኩ እኮ።»

ልጅቷ ልክ የነበረውን እጇን ማመን እየተወች ነው፤ ነገም እንዲሁ ልትጫወት ነው። ጆሮ ጥይትን አየቻት። ጆሮ ምን ልትል እንደሆነ የገባት ጥይት በዓይኗ «አንቺ ልጅ!» አለቻት።

«እጅሽ ልክ ነው» አለች ጆሮ። ድምፅዋ ካሰበችው በላይ ጮኸ። «አትቀይሪው። ላስቲኩ ነው የሞተው።»

አባቷ መፍቻውን ይዞ ቀና አለ።

«የቱ?»

«ግራው። ከመሀለኛው ቀዳዳ ወዲህ፣ ሁለት ስንዝር።»

«መቼ ሰማሽው?»

«ረቡዕ።»

«ረቡዕ እኮ ጠይቄሽ ነበር።»

«አዎ፣ አባዬ።»

ቢቆጣ፣ ቢጮህባት ይሻላት ነበር። እሱ ግን ወደ ጥይት ዞር አለ፤ ጥይት ጫማዋን ታያለች። ነገሩ ሳይገባው አልቀረም። ኮቱን አወለቀና የሳጥኑን ክዳን መልሶ ከፈተ።

የማዕከሉ ኃላፊ ከቢሮው ብቅ ብለው ይህን ሲያዩ እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጫኑ። «ኧረ ጌታው! ነገ ጨዋታ አለ እኮ!»

«ለዚህ ነው ዛሬ የምንሠራው» አላቸው አባቷ።

ጥይት ቦርሳዋን አነሳች። በጆሮ አጠገብ ስታልፍ ቆም አለች፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

«አራት ዓመት ሙሉ» አለች ቀስ ብላ። «አንቺ እንኳ ትቆሚልኛለሽ ብዬ ነበር።»

በሩን ሳትዘጋ ወጣች። ጆሮ ልትከተላት ፈልጋ ነበር፤ ግን ከጠረጴዛው ሥር የሚፈታ ብሎን አለ፣ የምትሠራውም ከአባቷ ጋር ነው። ገብታ በጀርባዋ ተኛችና መፍታት ጀመረች።

ሥራው ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል አለቀ። አባቷ ለወትሮው ኳሷን ለእሷ ይሰጣት ነበር። ዛሬ ራሱ ያዛት። ጎንበስ ብሎ ቀኝ ጆሮውን ወደ ጠርዙ አስጠጋና መታ። ደግሞ መታ። ስምንት ጊዜ ሳይመታ አይቀርም። ጆሮ ከመጀመሪያው ምት ጀምራ ላስቲኩ ደህና መሆኑን ሰምታዋለች፤ ግን ስላልጠየቃት ከንፈሯን ነክሳ ጠበቀች። ያን ያህል አፍራ አታውቅም።

«ደህና ይመስለኛል» አለ በመጨረሻ፣ እርግጠኛ ሳይሆን። ከዚያ ሳያያት እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ «ጨዋታው ጠዋት ሦስት ሰዓት ነው። ነገ ሁለት ሰዓት ላይ መጥተን አብረን እንፈትሸዋለን» አላት።

ጥይት በጨዋታ ቀን ከሁሉም ቀድማ አንድ ሰዓት ላይ እንደምትመጣ ጆሮ ታውቃለች። እስከ ሁለት ሰዓት ተለማምዳ እጇን አፍታታ ትወጣለች። ነገ አዲሱን ላስቲክ ለመልመድ ያላት ጊዜ ያ ብቻ ነው፤ ብቻዋን ከሆነች ደግሞ ግማሹ የሚያልቀው ኳስ በመልቀም ነው። ሁለት ሰዓት ላይ የመጣ ሰው ጥይትን ፊት ለፊት አያገኛትም።

ጆሮ የመጨረሻውን መፍቻ ሳጥኑ ውስጥ አስቀመጠችና ክዳኑን ገጠመች።

«አንድ ሰዓት ላይ ብንመጣስ፣ አባዬ?» አለች።